ከቁራኛ እስከ ካሜራ፦ የርቀት ችሎት ታማኝነት በታሪክ ዓይን

(በፋኩልቲው የሕዝብ ሌክቸር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)

 በንግግሬ ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

እ.ኤ.አ. በ2024 በሕንድ አገር የተፈጸመ አንድ የማታለል ወንጀል የዛሬውን ጥያቄያችንን በግልጽ ያስቀምጥልናል። አጭበርባሪዎች የመንግሥት መርማሪዎች መስለው ለአንድ አረጋዊ የኢንዱስትሪ ባለቤት ደወሉላቸው። በሕገ ወጥ የገንዘብ ዝውውር እንደተጠረጠሩ ነገሯቸው፤ ከካሜራው ፊት እንዳይለዩም አዘዟቸው። ቀጥለው በቪዲዮ «ችሎት» አቀረቧቸው። ችሎቱን የመራው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ነው የተባለ ሰው ነበር። ማኅተም ያረፈበት ትእዛዝም በስልካቸው ደረሳቸው። ችሎቱም፣ ዳኛውም፣ ትእዛዙም ሐሰት መሆናቸው የታወቀው ሰውየው 70 ሚሊዮን ሩፒ ከከፈሉ በኋላ ነው።

ተታላዩ ያልተማሩ ወይም የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ሰው አልነበሩም። የቀረበላቸው ነገር አንድ ችሎት በውጭ የሚታይበትን ምልክት ሁሉ የያዘ ነበር። እንግዲህ ፍርድ ቤትን ፍርድ ቤት የሚያደርገውና በሥዕልና በድምፅ ብቻ ሊቀዳ የማይችለው ነገር ምንድን ነው? የተለመደው መልስ «በአካል መገናኘት» የሚል ነው። ታሪኩን ስንመረምር ግን መልሱ ትንሽ ለየት ይላል። የችሎት ታማኝነት ምንጭ የአካል መቀራረብ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ቃሉ በሚነገርበት ቦታ ሁሉ በስሙ የሚጠየቅ፣ ለዳኛው እንጂ ለተከራካሪው የማይታዘዝ ሰው መኖሩ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ይህንኑ ነው።

አካል፣ ዋስና አደባባይ

በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ይሄዱ ነበር። ጉዳዩ ሲከብድ የኩታውን ቦታ ሰንሰለት ይተካዋል። ይህ መተሳሰር ቁራኛ ይባላል። ዛሬ መጥሪያ፣ ፖሊስና ማረፊያ ቤት ተከፋፍለው የሚሠሩትን ሥራ በዚያ ዘመን አንድ ቋጠሮ ያከናውነው ነበር ማለት ይቻላል። ቃሉ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» በሚለው አነጋገራችን ውስጥ እስካሁን አለ። የአካል ማሰሪያ የነበረው ቃል ለዓይን ጥበቃ መዋሉን ልብ በሉልኝ፤ ስለ ካሜራ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ዳኛው ፊት ከተደረሰ በኋላ ሙግቱ በተጠየቅ ይካሄዳል። ባለጉዳዮቹ ፊት ለፊት ቆመው በማር፣ በበቅሎ እየተወራረዱ ይጠያየቃሉ፤ ለእያንዳንዱ ውርርድ ዋስ ይጠራል። ዋሱ ሌላ ሰው ስለ ተናገረው ቃል በገዛ ንብረቱ የሚጠየቅ ሰው ነው። ሙግቱ በአደባባይ ስለሆነ ታዳሚው ይሰማል፣ ያስታውሳል፣ ነገ ይመሰክራል። በዙፋን ችሎት ደግሞ ፍርዱ ከታናሹ ሹም ጀምሮ ወደ ላይ ይሰጥ ነበር፤ ታናሹ የታላቁን ሐሳብ ሰምቶ እንዳይከተል ይጠብቀዋል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ብሂል የተወለደው ከዚህ ባህል ነው። ተረቺው በቅሎውን ቢያጣም የተረታበትን መንገድ በዓይኑ አይቷል።

ይህን ሥርዓት የአካል መቀራረብ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆነው መልእክት በሚያመላልሱ ሰዎች በኩል ይነጋገሩ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ሥርዓት ቃለ ዐፄ የሚባል ባለሥልጣን ነበረ፤ በኋላ ዘመን የፍርዱን ሥራ የያዘው ሹም ማዕርግም አፈ ንጉሥ ነው። ሁለቱም ስሞች የንጉሡ ቃል ከንጉሡ አካል ተለይቶ ሊሄድ እንደሚችል ይናገራሉ። ባለጉዳዩ ሁልጊዜ የንጉሡን ፊት አላየም። ነገር ግን ቃሉን ያመጣለት ማን እንደሆነ፣ ቢያዛባም ማን እንደሚጠየቅ ያውቅ ነበር። በአማላጅ የሚተላለፍ ችሎት ለእኛ የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ አይደለም ማለት ነው። አማላጁ ሰው መሆኑ ቀርቶ መሣሪያ መሆኑ ነው አዲሱ ነገር።

መገኘት ሕግ ሆኖ ሲጻፍ

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 127 ተከሳሽ ክሱ እንዲነገረውና ራሱን እንዲከላከል በግንባር እንዲቀርብ ያዛል። የሕጉ አርቃቂዎች «መቅረብ» ሲሉ በአእምሯቸው የነበረው አንድ ክፍል፣ አንድ አየር ነው። ሌላ ዓይነት መቅረብ አልነበረምና ቃሉን መተርጎም አላስፈለጋቸውም።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የመቅረብን ዓላማ ዘረዘረው። አንቀጽ 20 ግልጽ ችሎትን፣ የቀረበን ማስረጃ የመመልከትንና ምስክሮችን የመጠየቅን መብት፣ ጠበቃን፣ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚን ያረጋግጣል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ሕገ መንግሥቱ የአገሪቱን ስፋት ራሱ አምኖ ተቀብሏል። ይኸው አንቀጽ በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። ሁለቱን ድንጋጌዎች ጎን ለጎን ካነበብናቸው፣ ተያዡ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ስሙን ለማስመዝገብ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። ዳኛው ሰውየውን በዓይኑ እንዲያየው ጭምር ነው፤ እንዴት እንደሚራመድ፣ እጁን እንዴት እንደያዘ፣ ከመናገሩ በፊት ወደ ማን እንደሚመለከት።

መስኮቱ ሲከፈት

ስክሪን ወደ ችሎት የገባው በመጀመሪያ ለደካሞች ጥበቃ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜሪላንድ በክሬግ ላይ ባቀረበችው ክርክር፣ የጥቃት ሰለባ ነው የተባለ ሕፃን በሌላ ክፍል ሆኖ በዝግ ቴሌቪዥን እንዲመሰክር በአምስት ለአራት ድምፅ ፈቀደ። ዐቃቤ ሕጉና ተከላካይ ጠበቃው ከሕፃኑ ጋር ነበሩ፤ ዳኛው፣ ጁሪውና ተከሳሹ በችሎት ሆነው ይመለከታሉ፤ ተከሳሹም ከጠበቃው ጋር በመሣሪያ ይገናኛል። ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን የሰጠው በጅምላ አይደለም። ጥበቃው ለዚያ ሕፃን በእርግጥ እንደሚያስፈልግ በየጉዳዩ መረጋገጥ እንዳለበት አሳስቧል።

በአገራችንም ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ችሎቶች ሲቋቋሙ ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። ሕፃኑ በተለየ ክፍል ከማኅበራዊ ባለሙያ ጋር ይቀመጣል፤ ባለሙያዋ ከችሎት የሚመጣውን ጥያቄ በማዳመጫ ሰምታ ለሕፃኑ በሚገባው ቋንቋ ታቀርብለታለች፤ ችሎቱ በስክሪን ይከታተላል። እዚህ ላይ ከካሜራው ይልቅ ባለሙያዋን ተመልከቱ። ከሕፃኑ ጋር በአንድ ክፍል የተቀመጠች፣ ለችሎቱ ተጠሪ የሆነች ሰው አለች።

ይህን ነጥብ በግልጽ ሕግ አድርጎ ያስቀመጠው እኔ እስከምረዳው ድረስ የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታዲች ጉዳይ የመከላከያ ምስክሮች ወደ ሄግ ለመሄድ ፈሩ። ችሎቱ በቪዲዮ እንዲመሰክሩ ሲፈቅድ መመሪያም አወጣ። ምስክርነቱ የሚሰጥበት ቦታ እውነትን በነጻነት ለመናገር የሚያመችና የችሎትን ክብር የሚጠብቅ ይሁን አለ። ችሎቱ የሚሾመው ኃላፊ እዚያው ይገኛል፤ የምስክሩን ማንነት ያረጋግጣል፤ ቃሉ በፈቃደኝነት መሰጠቱን ይከታተላል። ከእርሱና ምናልባት ከአንድ የቴክኒክ ሠራተኛ በቀር ማንም በክፍሉ አይኖርም። ምስክሩ ዳኞቹን፣ ተከሳሹንና ጠያቂውን ማየት አለበት፤ እነርሱም እርሱን። በሐሰት ቢመሰክር በችሎት ተገኝቶ እንደዋሸ ሁሉ ይጠየቃል። ችሎቱ ይህን ሁሉ ካሟላ በኋላ እንኳ በቪዲዮ የሚሰጥ ቃል በግንባር ከሚሰጥ ቃል ጋር እኩል ክብደት እንደማይኖረው ገልጿል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕራፉል ዴሳይ ጉዳይ ከዚህ አልፎ ሄደ። ማስረጃ ተከሳሹ «ባለበት» ይሰማ የሚለው የሕግ ቃል በቪዲዮ መገኘትንም ያካትታል ብሎ ወሰነ። በ1954ቱ ሕጋችን ውስጥ ተኝቶ የቆየው ጥያቄ በሌላ አገር መልስ አገኘ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጥያቄውን የገጠሙት ከንድፈ ሐሳብ ተነሥተው ሳይሆን ከመንገድ ርዝመት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ አዲስ አበባ ነው። የሰበር ሰሚ ችሎቱ የሕግ ትርጉም በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ወደ እርሱ የሚያመራው ጎዳና ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ከጅግጅጋም ከጋምቤላም የሚነሣ ባለጉዳይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የትራንስፖርቱ፣ የአልጋው፣ የቀጠሮው ምልልስ ወጪ ከተከራከረበት ነገር ሊበልጥ ይችላል። በሕዝቡ ዘንድ የፕላዝማ ችሎት የሚል ስም ያገኘው አሠራር ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነበር፤ ስሙም በ1990ዎቹ ማብቂያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከገባው የፕላዝማ ትምህርት ጋር ይዛመዳል። የፕላዝማ ችሎት ለብዙ ሰው ፍትሕን አቅርቧል። ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ ይህን ጥቅም ሳይዘነጋ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ።

ርቀቱ ያስከፈለው

በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ቺካጎ የምትገኝበት የኩክ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1999 አብዛኛውን የከባድ ወንጀል የዋስትና ጥያቄ በዝግ ቴሌቪዥን መስማት ጀመረ። ተከሳሹ በሌላ ክፍል ሆኖ በስክሪን ይታያል። አንዳንድ የወንጀል ዓይነቶች፣ ለምሳሌ የግድያ ክሶች፣ እንደ ቀድሞው በግንባር መሰማታቸውን ቀጠሉ። ይህ ሳይታሰብ ለተመራማሪዎች ጥሩ ማነጻጸሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ወደ ስክሪን በተዛወሩት ጉዳዮች የተወሰነው የዋስትና ገንዘብ በአማካይ በ51 በመቶ ሲያሻቅብ፣ በግንባር በቀሩት ላይ የጎላ ለውጥ አልታየም። አውራጃው በ2008 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ወደ ግንባር ችሎት ተመልሷል። አንድም ዳኛ «በስክሪን የሚቀርበውን ላክብድበት» ብሎ አልወሰነም። ርቀቱ ማንም ሳያዝዘው በውሳኔው ውስጥ ገብቶ ተገኘ።

የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ የዓለም ፍርድ ቤቶች ምርጫ አጡ። የእኛም ፍርድ ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በከፊል ተዘጉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 በሌጎስና በሲንጋፖር በዙም በተካሄዱ ችሎቶች የሞት ፍርድ ተነገረ። ሁለቱም በሰብአዊ መብት ድርጅቶች ተነቅፈዋል። የአጭር ጊዜ ማቃለያ የነበረው አሠራር ከማንኛውም ክርክር በፍጥነት የመጨረሻው ቅጣት ላይ ደረሰ። የትኛው ጉዳይ በርቀት ሊሰማ ይገባል፣ የትኛውስ አይገባም የሚለው መስመር አስቀድሞ ባልተሰመረበት አገር መሣሪያው ራሱ መስመሩን ያሰምራል።

መሣሪያው የሚችለውና የማይችለው

አሁን ወደ ቴክኖሎጂው እንግባ። የርቀት ችሎት አራት ነገሮችን ማረጋገጥ አለበት፤ ማን እንደሚናገር፣ ቃሉ ሳይዛባ መድረሱን፣ መዝገቡ ሳይለወጥ መቆየቱን፣ ተናጋሪው ነጻ መሆኑን።

ማንነትን በተመለከተ፣ በስክሪን ላይ የሚታይ ፊት ከእንግዲህ ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የፋይናንስ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቃውንና የሥራ ጓዶቹን አይቶ ወደ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አስተላለፈ። በስብሰባው ላይ ያያቸው ሁሉ በዲፕፌክ የተሠሩ ምስሎች ነበሩ። መፍትሔው በፊት ገጽታ ላይ ሳይሆን በሚስጥር ቁልፍ ላይ የተመሠረተ ማረጋገጫ ነው። የ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 እና የ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ለዚህ መሠረት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ማረጋገጡ በሁለቱም አቅጣጫ መሆን አለበት። የሕንዱ ወንጀል የተሳካው ፍርድ ቤቱ ባለጉዳዩን ስላላወቀው አይደለም፤ ባለጉዳዩ ፍርድ ቤቱን የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረው ነው። መጥሪያውም ትእዛዙም በፍርድ ቤቱ ዲጂታል ፊርማ ካልታተመና ማንም ገበሬ በአቅራቢያው ወረዳ ፍርድ ቤት ሄዶ ማጣራት ካልቻለ፣ ዜጋው የሚታመንበትን ሲያጣራ የሚያምንበት የለውም።

የቃሉን አደራረስ በተመለከተ፣ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለ ሳተላይት የሚተላለፍ ድምፅ ለመውጣትና ለመውረድ ብቻ ሩብ ሰከንድ ይፈጃል። ይህ ትንሽ ይመስላል። በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ ግን የመስመሩ መዘግየት የምስክሩ ማመንታት መስሎ ይታያል፤ አስተርጓሚ ሲጨመርበትም ይባባሳል። ካሜራው ከስክሪኑ በላይ ስለሚገጠም ዳኛውን የሚያይ ምስክር ዓይኑን የሰበረ ይመስላል። በታላቅ ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት በሆነበት ባህል ደግሞ ዳኛው የሚያየው የሰውየውን አስተዳደግ፣ የካሜራውን አቀማመጥ ወይስ ሐሰትን እንደሆነ በምን ይለያል?

መዝገቡን በተመለከተ ቴክኖሎጂው በእርግጥ ጠንካራ ነው። ከቅጂው የሚወጣው ሀሽ የተባለ የቁጥር አሻራ፣ አንዲት ሰከንድ ብትቆረጥ ወይም ብትጨመር ይለወጣል። የቻይናው የሃንግዡ የኢንተርኔት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በብሎክቼይን የተጠበቀ ማስረጃ ተቀብሏል። ይህ አሻራ የሚመሰክረው ግን ከተቀዳ በኋላ ስላለው ነገር ብቻ ነው። ከካሜራው እይታ ውጭ ቆሞ ስለነበረው ሰው አንዳች አይናገርም።

የአራተኛው ነገር፣ የነጻነት ጉዳይ፣ ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው። ምስጠራ መስመሩን ይጠብቃል፤ ክፍሉን አይጠብቅም። በማረሚያ ቤት ወይም በፖሊስ ጣቢያ ክፍል ውስጥ ካሜራ ፊት የተቀመጠን እስረኛ አስቡት። ካሜራውን የገጠመው፣ ማይክሮፎኑን የሚከፍትና የሚዘጋው፣ በሩ ላይ የቆመው አሳሪው ነው። ዳኛው «የደረሰብህ በደል አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው መልሱን የሚሰሙት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በ600 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ሁለተኛው በሁለት እርምጃ። ችሎቱ ሲያበቃ አብሮት የሚቀረው ሁለተኛው ነው። «አቤቱታ የለኝም» የሚለው ቃል ሳይዛባ፣ በጥራት፣ በማይለወጥ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ቃሉ ግን ነጻ አልነበረም። ቁራኛ ወደ ዓይነ ቁራኛ የተለወጠው በዚህ ቦታ ነው። በጥንቱ ቋጠሮ ከሳሽም ተከሳሽም እኩል ታስረው ነበር። ካሜራው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያስራል።

አባቶቻችን ዘንድ ሌባሻይ የሚባል የማስረጃ ስልት ነበረ። መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሌባሻይ ለዘመናት የታመነው እውነትን ስለሚያገኝ አልነበረም፤ ማንም ሊጠይቀው ስለማይችል ነበር እንጂ። ልጁ ራሱን አያውቅም፤ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብለትም። ዛሬ ስክሪኑ ላይ «ማንነቱ ተረጋግጧል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ሲበራ፣ እንዴት እንደተረጋገጠ የሚያስረዳና የሚጠየቅ ባለሙያ ችሎት ቀርቦ ካልመሰከረ፣ ሌባሻይን በሌላ ልብስ መልሰን አስገብተነዋል።

ከዚህ የሚከተለው

ከታሪኩ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ ከርሱም ጥቂት የተግባር ነጥቦች ይመነጫሉ። የርቀት ችሎት ሁለት ክፍሎች ያሉት አንድ ፍርድ ቤት ነው። ሁለተኛው ክፍል የማረሚያ ቤቱ ወይም የፖሊሱ ንብረት ቢሆንም፣ ችሎቱ ተሰይሞ እስኪነሣ ድረስ ሥልጣኑ የዳኛው መሆን አለበት። ስለዚህ በማዶው ክፍል በፍርድ ቤቱ የተሾመ፣ ደመወዙም ተጠሪነቱም ከአሳሪው የተለየ ኃላፊ ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ሰው ለእያንዳንዱ ማረሚያ ቤት መመደብ ውድ ነው የሚል መከራከሪያ ይነሣል። በአቅራቢያው ያለው የወረዳ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ግን ከአዲስ አበባ ዳኛ ይልቅ ለእስረኛው ይቀርባል፤ አዲስ መሣሪያ ከመግዛትም ይረክሳል።

እስረኛው ከጠበቃው ጋር ማንም የማይሰማው መስመር ይኑረው። ምስሉ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ አካሉንና በሩን ያሳይ። መስመሩ ሲቋረጥ ችሎቱ ይቁም እንጂ አይቀጥል። ሕዝቡ የሚከታተልበት ወንበር በሁለቱም ክፍል ይኑር። ከሁሉም በላይ በመጀመሪያው የ48 ሰዓት ቀጠሮ፣ የወንጀል ምስክሮች በሚሰሙበት ዕለትና ፍርድ በሚነገርበት ጊዜ ተከሳሹ «በአካል አቅርቡኝ» የማለት መብቱ ምክንያት ሳይጠየቅ ይከበርለት። የቀጠሮ ለውጥ፣ የጽሑፍ ክርክርና የሰበር አቤቱታ ግን በስክሪን ቢሰሙ፣ ከሩቅ የሚመጣውን ባለጉዳይ ከድካም እንገላግለዋለን።

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ቴክኖሎጂው ሲሻሻል ይህ ሁሉ ሥጋት እንደሚወገድ ይነግሩኛል። ምስሉ ይጠራል፣ መዘግየቱ ያጥራል፣ ፊርማው ይጠነክራል። እስማማለሁ። ነገር ግን ንጹሕ ምስል የፈራን ሰው ፊት በጥራት ከማሳየት ያለፈ ነገር አይሠራም፤ የፈራውን ከሚያስፈራው የሚለየው ሌላ ሰው ነው። የቃለ ዐፄ ዘመን ባለጉዳይ ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን ንጉሥ ባያይም ከመጋረጃው ወዲህ የቆመውን ሹም በስሙ ያውቀው ነበር። የዛሬው እስረኛም በማዶው ክፍል ውስጥ በስሙ የሚያውቀውና ለዳኛው የሚታዘዝ አንድ ሰው ይገባዋል።